ሲስተሙ እምቢ ያላለበት ሌሊት፦ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የመጋቢት 2016 ዓ.ም. ክስተት የጉዳይ ጥናት

በአገራችን ባንክ ቤት የተመላለሰ ሰው ሁሉ አሳምሮ የሚያውቃት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ሲስተም የለም»። ከመሥሪያ ቤቱ አስፈቅዶ ደሞዙን ለማውጣት የመጣው ሠራተኛ፣ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመክፈል የተሰለፈችው እናት፣ እህሉን ሸጦ ገንዘቡን ሊያስገባ ከገጠር የገባው ገበሬ ይህችን ቃል ከሰሙ በኋላ ወይ ወንበር ፈልገው ይጠብቃሉ፣ ወይም ለነገ ቀጥረው ይመለሳሉ። ቴክኖሎጂ ሲበላሽ ሥራው መከልከል ነው ብለን የለመድነው ከዚህ የተነሣ ነው። ቴለሩም፣ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅም፣ ደንበኛውም ለእንዲህ ያለው ብልሽት የየራሳቸው መላ አላቸው፤ ያበሳጫል እንጂ ግራ አያጋባም።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነገር የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሲስተሙ አልጠፋም፤ እንዲያውም ሠርቷል። ነገር ግን «ይህን ያህል ገንዘብ የለህም» ብሎ ሊከለክል በሚገባው ቦታ ላይ ሳይከለክል ሠርቷል። ደንበኞች በሂሳባቸው ካላቸው ተቀማጭ በላይ ከኤቲኤም አወጡ፤ በሞባይል መተግበሪያውም ወደ ሌላ ሰውና ወደ ሌሎች ባንኮች አስተላለፉ። ጉዳዩ በዓለም የዜና ማሰራጫዎች ሁሉ ተወርቶ አልፏል፤ አብዛኛው ወሬም ተማሪዎች ብር አፈሱ ከሚለው አልዘለለም። እኔ ግን ይህን ክስተት ደግሜ የማነሣው፣ አንድ ተቋም ሥራውን ወደ ዲጂታል ሲያዛውር ለየትኛው ዓይነት ብልሽት እንደሚዘጋጅና ለየትኛው ሳይዘጋጅ እንደሚቀር ከዚህ የበለጠ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ አገራዊ ጉዳይ ስለማላውቅ ነው።

ተቋሙና ያተረፈው

ንግድ ባንክ መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1942 ከተቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ይቆጥራል። ዛሬ በያዘው ስም የተደራጀው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ በአገሪቱ የኤቲኤም አገልግሎትን ቀድሞ ያስተዋወቀውም እ.ኤ.አ. በ2001 እርሱ ነው። ክስተቱ በደረሰበት ጊዜ ከ38 ሚሊዮን በላይ የሂሳብ ባለቤቶች ነበሩት። ይህ ቁጥር ከብዙ አገሮች ሕዝብ ይበልጣል፤ ስለዚህ በዚህ ባንክ የሚደረግ የቴክኖሎጂ ለውጥ የአንድ ድርጅት የውስጥ ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይችልም።

ዲጂታሉ ምን እንዳተረፈልን ሳልናገር ስለ ጉዳቱ ብጽፍ ሚዛኔ የተዛባ ይሆናል። ደብተር ይዘን እንሰለፍ በነበረበት ዘመን የአንድ ሰው ሂሳብ የተከፈተበት ቅርንጫፍ እስረኛ ነበር፤ የፊርማ ካርዱም፣ የሂሳብ መዝገቡም የሚገኙት እዚያው ነው። ጎንደር ያለ አባት ጅማ ለሚማር ልጁ ብር መላክ ሲፈልግ መንገደኛ ይፈልጋል፣ በዘመድ እጅ ይልካል፣ ደረሰ አልደረሰ እያለ ሲጨነቅ ይሰነብታል። አሁን ያው አባት ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ ይልካል፤ ልጁም ግቢው ውስጥ ካለው ማሽን በዚያው ቅጽበት ያወጣል። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲወሰን፣ ስልክ ላይ ያለው ሂሳብ ለከተማው ታክሲ ነጂ ሳይቀር የዕለት እንጀራ ጉዳይ ሆነ። ይህ እውነተኛ ትርፍ ነው፤ ማንም ወደ ደብተሩ ዘመን እንመለስ ቢለኝ አልስማማም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ጎልተው የወጡትም ከዚሁ የተነሣ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በግቢው ካፌ የማይመገቡ ተማሪዎች፣ በተለምዶ «ነን ካፌ» የምንላቸው፣ የምግብ ገንዘባቸው በየወሩ በባንክ ሂሳባቸው ይገባላቸዋል። ስለዚህ ካርድም፣ መተግበሪያም፣ በቅርብ ርቀት ኤቲኤምም ያላቸው፣ በሺዎች ሆነው በአንድ አጥር ውስጥ የሚኖሩ፣ በቴሌግራም ቡድኖች የተሳሰሩ ወጣቶች ናቸው። ባንኩ ዲጂታል አገልግሎቱን ከማንም በላይ ያዳረሰው ለእነርሱ ነበር፤ ስሕተቱም ቀድሞ የተገኘው በእነርሱ እጅ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

ሌሊቱ

ሳምንቱ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ የገቡበት ሳምንት ነበር። በማግሥቱ ለመገናኛ ብዙኃን የተናገሩ ተማሪዎች እንደገለጹት፣ ወሬው በየዶርሙ የተዳረሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከጅማ የተናገረ አንድ ተማሪ ጓደኞቹ ሲነግሩት መጀመሪያ እንዳላመነ ገልጿል። ከዲላም ተመሳሳይ ምስክርነት ተሰምቷል። በኤቲኤሞች ፊት ረጅም ሰልፍ ተሠራ፤ ፖሊስ ወደ ግቢ ገብቶ ሰልፉን እስኪበትን ድረስም ቀጠለ። ባንኩ ግብይቶችን ሙሉ በሙሉ ያገደው ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አገልግሎቱ በመቋረጡ፣ ሌሊቱን በሰላም ተኝቶ ያደረው ሚሊዮን ደንበኛ ያችን የለመዳትን ዓረፍተ ነገር ሰማ።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መግለጫ፣ ችግሩ የተፈጠረው በሲስተሙ ላይ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ሲካሄድ መሆኑን ገለጸ። በወቅቱ የባንኩ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አቤ ሳኖ ሰኞ መጋቢት 9 ቀን በሰጡት ማብራሪያ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ የደንበኞች ተቀማጭም እንዳልተነካ አረጋገጡ። በክስተቱ ወቅት ከ490 ሺህ በላይ ግብይቶች መካሄዳቸውንም ተናገሩ፤ ይህ ማለት ግን ሁሉም ያልተገቡ ነበሩ ማለት አይደለም። የወጣውን ገንዘብ መጠን ግን በዕለቱ አልገለጹም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። መጠኑ ባልተነገረባቸው ቀናት 2.4 ቢሊዮን ብር የሚል አኀዝ በአገር ውስጥም በውጭም ዜናዎች ተናኘ። ባንኩ ቆየት ብሎ ራሱ ያስታወቀው ግን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው አኀዝ ሲሦ መሆኑ ነው። በእነዚያ ጥቂት ቀናት መካከል ገንዘቤ ደኅና ነው ወይ ብሎ ያልተጨነቀ የባንኩ አስቀማጭ የነበረ አይመስለኝም። ሂሳብን በጥንቃቄ ለማጣራት ጊዜ እንደሚወስድ በሙያዬ አውቃለሁ፤ ባንኩ ያልተጣራ ቁጥር ባለመስጠቱም አልወቅሰውም። ነገር ግን «እስካሁን ያጣራነው ይህን ያህል ነው፣ ቀሪውን በዚህ ቀን እናሳውቃለን» ማለት ይቻል ነበር። የተቋም ዝምታ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ሌላ ሰው ይሞላዋል።

ከማሽኑ በስተጀርባ

አንድ ደንበኛ በኤቲኤም ፊት ቆሞ 2,000 ብር ሲጠይቅ ማሽኑ ራሱ የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነው። በሆዱ ያሉት የብር ካሴቶች ምን ያህል እንደቀራቸው ያውቃል፤ የደንበኛውን ሂሳብ ግን አያውቅም። ጥያቄውን በመስመር ወደ ማዕከል ይልካል፤ ማዕከሉ የምስጢር ቁጥሩን ያረጋግጣል፣ ሂሳቡ ያልታገደ መሆኑን ያያል፣ የዕለቱ ጣሪያ፣ ማለትም በአንድ ቀን ማውጣት የሚፈቀደው መጠን፣ አለመታለፉን ይቆጥራል፣ ከዚያም ዋናውን ጥያቄ ዋናውን የባንክ ሲስተም ይጠይቃል፦ በዚህ ሂሳብ ይህን ለመክፈል የሚበቃ ተቀማጭ አለ ወይ? መልሱ አዎንታ ሲሆን ብቻ ገንዘቡ ይያዛል፣ ማሽኑም እንዲከፍል ይታዘዛል። የሞባይል መተግበሪያውም መንገዱ ከዚህ እምብዛም አይለይም።

የዚህ ሰንሰለት ድክመት ያለው እያንዳንዱ አካል የሌላውን ቃል አምኖ መሥራቱ ላይ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ያልጠየቀውን እንደጠየቀ፣ ያላረጋገጠውንም እንዳረጋገጠ አድርጎ መልስ ቢሰጥ፣ ቀጥሎ ያለው ክፍል ሁሉ ያለ ጥርጥር ሥራውን ይቀጥላል። መስመሩ ቢቆረጥ ኖሮ ማሽኑ ይቅርታ ጠይቆ ካርዱን ይመልስ ነበር። የተሳሳተ «አዎ» ግን ከትክክለኛው «አዎ» በመልኩ አይለይም፤ ደወል አያስደውልም፣ ቀይ መብራት አያበራም። ለዚህ ነው ሲስተም እንዲህ ሲሳሳት ከሙሉ ጨለማ ይልቅ አደገኛ የሚሆነው።

የጥገና ሥራ በሌሊትና በሳምንት መጨረሻ የሚሠራውም በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ የሚስተጓጎለው ደንበኛ ጥቂት ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ይህ ስሌት የተወረሰው ግን ባንክ በ11 ሰዓት በሩን ይዘጋ ከነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ቅርንጫፉ ተኝቶ ደንበኛው ይነቃል። ቁጥጥር የሚያደርገው ሰው የሚያንስበትና አዲስ ለውጥ የሚሞከርበት ሰዓት አንድ ሆኖ ሲገጥም፣ በዚያ ላይ ደግሞ አገልግሎቱ ለ38 ሚሊዮን ሰው ክፍት ሆኖ ሲቆይ፣ ትንሿ ስሕተት ለመባዛት ሰፊ ሜዳ ታገኛለች።

እኔ ራሴ ለተወሰኑ ዓመታት በአንድ የግል ባንክ የሂሳብ ማስታረቅ ክፍል ሠርቻለሁ። ሥራችን በየማለዳው ማሽኑ «ከፈልኩ» ያለውን፣ ሲስተሙ «ቀነስኩ» ያለውንና በካሴቱ ውስጥ ተቆጥሮ የተገኘውን ማገናኘት ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ከአንድ ማሽን የ6,000 ብር ጉድለት ተገኘ። ጆርናሉን፣ ማለትም ማሽኑ እያንዳንዱን ክፍያ የሚመዘግብበትን ወረቀት፣ በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ፣ ቅዳሜ ማታ በተመሳሳይ ካርድ በአራት ደቂቃ ልዩነት ሦስት ክፍያዎች ታዩኝ፤ ሦስቱም ተከፍለዋል፣ ከሂሳቡ ላይ ግን አንዳቸውም አልተቀነሱም። ለሦስት ሳምንት ያህል ወረቀት ስንገለብጥ ከርመን በመጨረሻ ያገኘናት አንዲት የመርካቶ ቅመም ነጋዴ ነበረች። ደውለን ስንነግራት፣ መልእክት ስላልደረሳት ገንዘቡ ያልተቀነሰ መሆኑን ጠርጥራ እንደነበረና ከቅርንጫፉ ማን እንደሚያነጋግራት አጥታ እንደተወችው ነገረችን። በማግሥቱ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣችው። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ደንበኛው ስሕተቱን ከእኛ ሁለት ቀን ቀድሞ እንደሚያየውና እኛ ግን የሚነግረንን ሰው የምንሰማበት በር እንዳላበጀን ነው።

በንግድ ባንኩ ሌሊትም ስሕተቱን ቀድመው ያወቁት ዶርም ውስጥ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ወደ ባንኩ መደወል የፈለገ አንድ እንኳ ቢኖር፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስልኩን አንስቶ «ገባኝ፣ አሁኑኑ አቆማለሁ» የሚለው ማን ነበር? ተቋማት ቴክኖሎጂ ሲገዙ ከአቅራቢው ጋር የሚደራደሩት ስለ ፍጥነትና ስለ አቅም ነው፤ ይህ ጥያቄ በጨረታ ሰነድ ውስጥ ገብቶ አላየሁም።

በደብሊን የሆነው

ተመሳሳይ ነገር የደረሰው በእኛ ብቻ አይደለም። ከሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 2023፣ ባንክ ኦፍ አየርላንድ በተባለው የአየርላንድ ባንክ በደረሰ የቴክኒክ ችግር ደንበኞች ተቀማጭ ባይኖራቸውም ከሂሳባቸው ሬቮሉት ወደተባለው የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ ማስተላለፍና ከኤቲኤም ማውጣት ችለው ነበር። በደብሊንና በሌሎች ከተሞች እስከ ሌሊት ሰልፍ ታየ፤ ፖሊሶችም በአንዳንድ ማሽኖች አጠገብ ቆሙ። ሀብታም አገር፣ የረጅም ዘመን ባንክ፣ ጥብቅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያለበት ቦታ ላይ ሰው የሠራው ነገር ጅማ ላይ ሰው ከሠራው አልተለየም። ስለዚህ የእኛን ተማሪዎች በተለየ ነውረኛ አድርጎ ማቅረቡ ትክክል አይመስለኝም።

ልዩነቱ ያለው በጣሪያው ላይ ነው። በአየርላንዱ ክስተት አንድ ሰው ሊያወጣ ይችል የነበረው እስከ 1,000 ዩሮ እንደነበረ ተዘግቧል። የተቀማጭ ማረጋገጫው ቢወድቅም፣ የዕለት ጣሪያ የሚባለው ሌላ አጥር በቦታው ቆሞ ነበርና ጉዳቱ በሰው ልክ ተወሰነ። ይህ ትልቅ ትምህርት ያለው ጉዳይ ነው። አንዱ መቆጣጠሪያ በሌላው ላይ ከተመሠረተ ሁለት መቆጣጠሪያ አለን ማለት አይቻልም፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ለብቻው ቆሞ መቅረት አለበት። በሌሊት ከወትሮው በእጅጉ የበለጠ ገንዘብ ከአንድ ግቢ ሲወጣ፣ ወይም ከፍ ያለ ብር በአጭር ጊዜ ወደ ሌሎች ባንኮች ሲጎርፍ፣ ማንንም ሳይጠይቅ መስመሩን የሚያጠብ የተለየ ጠባቂ ማቆም ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የአየርላንዱ ባንክ በማግሥቱ ለደንበኞቹ ያስተላለፈው መልእክት አጭርና ግልጽ ነበር፦ የወጣው ገንዘብ ከሂሳባችሁ ላይ ይታሰባል፤ በዚህ ምክንያት የተቸገረ ያነጋግረን። ጉዳዩ ከሞላ ጎደል እንደ ዕዳ ተያዘ።

ማስመለሱ

የእኛ ባንክም አጀማመሩ መልካም ነበር። አቶ አቤ ሳኖ ገንዘቡን የመለሰ ሰው በወንጀል እንደማይከሰስ ተናገሩ። ዩኒቨርሲቲዎች ማስታወቂያ ለጠፉ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎቹ የእነርሱ ያልሆነውን ገንዘብ እንዲመልሱ ጠየቀ። በዲላ ዩኒቨርሲቲ የባንኩ ሠራተኞች ግቢ ድረስ ሄደው በፈቃደኝነት የሚመለሰውን ገንዘብ ተቀበሉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ801.4 ሚሊዮኑ ብር 622.9 ሚሊዮኑ መመለሱ ተነገረ፤ ከአራት እጅ ሦስቱ ገደማ ማለት ነው።

ይህን ውጤት አቅልሎ ማየት አይገባም፤ የዲጂታሉ እውነተኛ ጥቅም ከታየባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ነው። ቴለር በስሕተት ከመጠን በላይ ቆጥሮ ለማይታወቅ ሰው የሰጠው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይገኝም፤ ከቴለሩ ደሞዝ ይቆረጣል እንጂ። በዚያ ሌሊት ግን እያንዳንዱ ብር ከየትኛው ሂሳብ፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ማሽን ወይም ወደ የትኛው ባንክ እንደሄደ ተመዝግቦ ነበር። ክፍያውን ያፈሰሰው ሲስተም መዝገቡን አልጣለም። ገንዘቡ የወጣበትም የተመለሰበትም መንገድ አንድ ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አላግባብ መበልጸግን በሚመለከተው ክፍሉ፣ በአንቀጽ 2164፣ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው የከፈለው እንዲመለስለት ለመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ከፋዩ በራሱ ስሕተት መክፈሉ ተቀባዩን ባለቤት አያደርገውም። ስለዚህ «ማሽኑ ራሱ ሰጠኝ» የሚለው መከራከሪያ የትም አያደርስም፤ ያን ገንዘብ ይዞ የቀረ ሰው የሌሎች አስቀማጮችን ገንዘብ ይዞ እንደቀረ ሊያውቅ ይገባል። እኔ ለወጣትነት ርኅራኄ አለኝ፤ የ20 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በሰልፍ ቆሞ በስካር መንፈስ ያደረገውን እረዳለሁ፤ ይሁን እንጂ ዕዳው ዕዳ ነው።

የተለጠፉት ስሞች

ባንኩ የተሳሳተበት ትልቁ ነገር ግን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። በቀነ ገደቡ ያልመለሱ ሰዎችን ስም፣ የአንዳንዶቹንም ፎቶግራፍ፣ በዚያው በመጋቢት ወር በቅርንጫፎቹ በር ላይ ለጠፈ። ገንዘብ ለማስገባት የመጣ ጎረቤት፣ የሰፈር ሰው፣ የቀድሞ አስተማሪ ሁሉ ቆሞ አነበበው።

የንግድ ባንክ ደንበኛ የሆነ አንባቢ ስልኩን አንስቶ የመጨረሻውን የሂሳብ መልእክት ይመልከት። ገንዘብ ሲገባም ሲወጣም የሚደርሰን መልእክት ላይ የሂሳብ ቁጥራችን ሙሉ ሆኖ አይጻፍም፤ መካከሉ በኮከብ ምልክቶች ተሸፍኖ ዳርና ዳሩ ብቻ ይታያል። ይህ የተደረገው በአጋጣሚ አይደለም። ባንኩ፣ ስልካችንን በትከሻችን በኩል አሻግሮ የሚያይ ሰው እንኳ ምስጢራችንን እንዳያውቅ ተጠንቅቆልናል ማለት ነው። ያው ተቋም ደንበኛው ሂሳብ ሲከፍት ለመታወቂያ ብሎ የሰጠውን ፎቶግራፍ አውጥቶ በር ላይ ሲለጥፍ፣ ኮከቦቹን ያኖረው ጥንቃቄ የት ሄደ? ፎቶግራፉ የተሰጠው ለአንድ ዓላማ ነበር፤ ለሌላ ዓላማ ዋለ። ከዲጂታል መዝገብ አደጋዎች ሁሉ እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ መረጃውን የያዘው አካል በተቆጣ ጊዜ ምን ያደርግበታል የሚለው ጥያቄ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ደንግጓል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው፤ እነዚህ ሰዎች ገና በፍርድ ቤት አልቆሙም ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ ስልኩን ለጓደኛው ያዋሰ፣ ካርዱ በሌላ ሰው እጅ የነበረ፣ ገንዘቡ ከሌላ ሰው የተላለፈለትና ከየት እንደመጣ ያላወቀ ቢኖርስ? መዝገብ የሂሳቡን ባለቤት ይናገራል እንጂ በማሽኑ ፊት የቆመውን እጅ አይናገርም። እንዲህ ያለውን የሚለይ ዳኛ ነው፤ ማጣበቂያና ወረቀት አይደለም። ባንኩ የነበረበት ጫና ይገባኛል፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ክስ ይጓተታል፣ ሌላውም ይህን አርአያ አድርጎ ሳይመልስ ሊቀር ይችላል። የባንኩ መብት ግን ሳይጎድል ሊከበር የሚችልበት መንገድ ነበረ፤ ሂሳብን ማገድ፣ በግል በመልእክት መጠየቅ፣ ቀስ በቀስ የሚከፍሉትን ማስፈረም፣ እምቢ ያለውን መክሰስ።

ቀኖቹ የገጠሙበት ሁኔታ ደግሞ የሚያሳስብ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅን፣ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን፣ ያጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ማለትም የዜጎች መረጃ ለምን ዓላማ እንደሚሰበሰብና እንዴት እንደሚጠበቅ የሚደነግገው የአገሪቱ የመጀመሪያ ሁሉን አቀፍ ሕግ እና በየቅርንጫፉ በር ላይ የተለጠፉት ፎቶግራፎች የአንድ ወር ልጆች ናቸው። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ከጸደቀ በዚያን ጊዜ አራት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ማሽኖቹም፣ መተግበሪያዎቹም ሕጉን ቀድመው ተስፋፉ፤ በመካከል ባለው ክፍተት የወደቀው ደግሞ ስሙ የተለጠፈው ሰው ነው።

የቀረው ሥራ

ከዚህ ጉዳይ በኋላ ማንኛውም ተቋም፣ ባንክም ይሁን ሆስፒታል ወይም የመሬት አስተዳደር፣ አዲስ ሲስተም ሲያስገባ ሊለማመደው የሚገባው «ሲስተም የለም» የሚለውን ቀን ብቻ አይደለም። ሲስተሙ ለማይገባው ሰው «አዎ» የሚልበትን ቀንም ነው። በመሬት መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ «አዎ» የአንዱን ቦታ ለሌላው ያስተላልፋል፤ በሆስፒታል መዝገብ ላይ የአንዱን ታካሚ መድኃኒት ለሌላው ያዛል። እዚያ ደግሞ ከአራት እጅ ሦስቱን አስመለስን ብሎ መጽናናት የለም። ይህ ልምምድ መካሄድ ያለበትም ለውጡ ከመሠራቱ በፊት፣ ከእውነተኛው ሲስተም ተነጥሎ በቆመ መሞከሪያ ላይ ሆኖ፣ ሆን ብሎ መቆጣጠሪያዎቹን አንድ በአንድ እየጣሉ የቀሩት ይቆሙ እንደሆነ በማየት ነው። ለውጡ የተሠራበት ሌሊትም የለውጡ ባለቤቶች እንቅልፍ የማያዩበት ሌሊት መሆን አለበት፤ የግብይቱን ፍሰት በዓይናቸው እየተከታተሉ ማደር አለባቸው።

በዚያ በሠራሁበት የግል ባንክ፣ የቅመም ነጋዴዋ ገንዘቡን ቋጥራ ካመጣችልን በኋላ፣ የክፍላችን ኃላፊ አንዲት ገጽ ወረቀት ጽፈው በተረኞች ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፉ። በላይዋ የሦስት ተረኞች የስልክ ቁጥር ነበረ። ከሥር በእጅ ጽሑፍ አንድ መመሪያ ሰፍሯል፦ ከማሽን የሚወጣው ገንዘብና ከሂሳብ የሚቀነሰው ካልተገናኘ፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ተረኛው መስመሩን ይዝጋ፤ ፈቃድ አይጠብቅ፤ ጠዋት ይንገረኝ። ወረቀቷ በቆየች ቁጥር ጠርዟ እየተጠቀለለ ስለሚመጣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በየጊዜው በአዲስ ፕላስተር ትጠግናት ነበር።